ባትሪ ማስረከቢያ ሰዓት

አክስቴን ፈሪ ብዬ መስደብ የጀመርኩት ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። ያውም በሰው ፊት። ምሳ ቀርቦ፣ እናቴ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ እጇን እየታጠበች፣ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ «ፈሪዋ መጣች! ፈሪዋ መጣች!» እያልኩ አጨበጭባለሁ። አክስቴ ትስቃለች። እናቴ ግን አትስቅም። ለምን እንደማትስቅ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው፤ የገባኝ ቀን ደሜ ፈላ፣ እስካሁንም አልበረደም።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ከእኛው ጋር እየኖረች ሲኒማ ቤት ቦታ አስያዥ ሆና ትሠራ ነበር። ሥራዋ መብራት ከጠፋ በኋላ የሚመጣውን ሰው በእጅ ባትሪ እየመራች ወንበሩ ድረስ ማድረስ ነው። ብርሃኑን መሬት መሬቱን፣ እግር እግሩን ታስኬደዋለች እንጂ ሽቅብ አታነሳውም። አንዴ ባትሪውን ተቀብዬ የአንድ ሰውዬ ፊት ላይ ባበራ እጄን ቸብ አደረገችኝ። «ነውር ነው! በጨለማ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ላይ አይበራበትም» አለችኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት አስፈሪ ፊልም ይታያል። የዚያን ቀን እኔን ሳትይዝ አትሄድም።

«እታለም፣ ሚጣን ስጪኝ» ትላታለች እናቴን። ሚጣ እኔ ነኝ።

«ደግሞ ልታስቃዢያት? ምን ታደርግልሻለች?»

«ግዴለም፣ አብራኝ ትሁን።»

እናቴ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ፣ «አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቤት ትግባ» ትላለች። እኔ አክስቴ ከሰው ሁሉ አብልጣ ስለምትወደኝ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ እወጣለሁ። ትወደኝስ ነበር፣ ውሸት አይደለም። የምትወስደኝ ግን ለሌላ ነገር ነበር።

አዳራሹ የረጠበ ምንጣፍና የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። የእኔ ቦታ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ ነው፤ ወንበሩ ቆዳው ተቀዶ ስፖንጁ ጭኔን ይበላኛል። አክስቴ ከጎኔ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች። ዘግይቶ የመጣ ሰው ከሌለ ጎንበስ ትልና በጆሮዬ ፊልሙን ታስተምረኛለች። አዎ፣ ታስተምረኛለች ነው የምለው። ከዚያ ወዲህ ስንት አስተማሪ ገጠመኝ፣ እሷን የሚያህል አላየሁም።

«እስቲ ንገሪኝ፣ እስካሁን ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ተሸማቀቅሽ?»

«እንጃ!»

«ሁሉም ነገር ደህና ስለሆነ ነው። እያት፣ ልብሷን ታጥፋለች፣ ታንጎራጉራለች። ቤቱ ንጹሕ ነው። በጣም ደህና ሲሆን ፍሪ። አሁን ደግሞ በሩን እይው። ሲከፈት አትደንግጪ፤ ሲዘጋ ነው የሚያስፈራው። ሙዚቃውን ስሚ… ስሚ… አቋረጠ አይደል? እንግዲህ መጣልሽ።»

ሌላ ቀን ደግሞ፣ «የሚጮኸውን ሰውዬ ተዪው። ያኛውን እይ፣ ጥርሱን የሚያሳየውን፣ ለሁሉም ወንበር የሚስበውን። እሱ ነው» አለችኝ። እሱ ሆኖ ተገኘ። እንዴት አወቀች ብዬ አፌን ከፈትኩ። ፊልሙን ቀድማ ያየችው መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ፊልም አርታኢ ነኝ። አስፈሪ ፊልም ሲሆን ወደ እኔ ይልኩታል፤ «መክፈቻውን ለእሷ ስጡት፣ ልብ መስቀል ታውቅበታለች» ይላሉ። ወጣቶች ሰብስቤ ሳስተምርም የምላቸው አክስቴ በጆሮዬ ያለችኝን ነው። በጣም ደህና ሲሆን ፍሩ፤ በር ሲዘጋ ፍሩ፤ የሚስቀውን ሰው እዩ። በደብተራቸው ይጽፉታል፣ ያጨበጭቡልኛል። ሙያ መስሏቸው ነው። ያቺ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ፊልም እያየች አልነበረም የምታወራው፤ የራሷን ቅዳሜ ነበር።

ሲኒማ ቤቱ አንድ ደንብ ነበረው። ፊልሙ በተጀመረ በአስራ አምስት ደቂቃ በሮቹ ይዘጋሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚገባ ሰው የለም። በሩ እንደተዘጋ ቦታ አስያዧ ባትሪዋን ይዛ ደረጃውን ትወጣና ለሥራ አስኪያጁ በእጁ ታስረክባለች። ለጥበቃው መስጠት፣ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ አይቻልም። ለራሱ፣ በቢሮው፣ በእጁ። «ንብረት ነው» ይላል። ይህን ደንብ ያወጣው እሱ ነው። ቅዳሜ ተረኛዋን የሚመድበውም እሱ ነው።

ሠራተኞቹ «አባታችን» ይሉታል። ደህና አድርገው ነው የሰየሙት! ወፍራም፣ ሽቶ ሽቶ የሚል፣ ጸጉሩን በቅባት ወደ ኋላ ያስተኛ ሰው ነበር። ሳቁ እታች በር ድረስ ይሰማል። ሕፃን ልጅ ባየ ቁጥር እጁን ኪሱ ከትቶ ከረሜላ ያወጣል። እኔም እንደ ልጅ ሁሉ እወደው ነበር፤ ይኸው አልኩት።

የመጀመሪያዎቹን ቅዳሜዎች አክስቴ ባትሪ ልታስረክብ ስትወጣ እኔንም ይዛኝ ወጣች። ቢሮው ቀይ ምንጣፍ አለው። አባታችን እኔን ሲያይ ሳቁን ለቀቀው።

«ኧረ ምን ጉድ ነው! ይህቺ ልጅ ፊልሙ ሊያመልጣት? ግፍ አይሆንብሽም?» አላትና ከረሜላ አስጨበጠኝ። በሩን ራሱ ከፈተልኝ። የአክስቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ከበደኝ። ትከሻዬን አሾልኬ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። ከኋላዬ በሩ ሲዘጋ ሰምቻለሁ። ሲከፈት ሳይሆን ሲዘጋ ፍሪ ብላኝ ነበር እኮ! እኔ ግን ያ ትምህርት ለፊልም ብቻ መስሎኝ።

እሷ ስትመለስ ፊቷን ታጥባ፣ የጸጉሯ ዳር ረጥቦ ትመጣለች። አስፈሪው ቦታ ሊደርስ ሲል ሹልክ ብላ የምትወጣ ፈሪ ናት ብዬ ደመደምኩ። ስሟም ከዚያ በኋላ ፈሪ ሆነ።

ቤት ውስጥ የሚያወሩትን በግማሽ ጆሮ እሰማ ነበር። የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ስር ገብቼ ቁርጥራጭ ጨርቅ ስለቅም፣ ከላይ የአክስቴ ድምፅ ይመጣል።

«በሩን ቆለፈው፣ እታለም።»

መኪናው ይቆማል። ከዚያ የእናቴ ድምፅ፣ «ታዲያ ቶሎ ሰጥተሽው አትወጪም?»

«ቁልፉን ኪሱ ይከተዋል።»

«ትልቅ ሰው ነው። ማን ያምነናል? ትንሽ ቻይው፣ ሌላ ሥራ እስክናገኝልሽ።» መኪናው እንደገና መንጣጣት ይጀምራል።

እኔ ጠረጴዛው ስር ሆኜ የትኛው ፊልም ላይ ነው በሩን የቆለፈው እያልኩ አስብ ነበር። ያላየሁት ፊልም አየችብኝ ብዬም ቀናሁ።

ከዚያ ፊልሙ መበጠስ ጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ፣ በሮቹ ሊዘጉ ሲሉ፣ ሙዚቃው ገና ማቋረጡ ሲሆን፣ ቀጭ! ሸራው ነጭ ይሆናል። አዳራሹ በፉጨት ይናጋል፣ ወንበር ይደበደባል፣ «ሌባ! ሌባ!» ይባላል። መብራት ይበራል። ማሽን ክፍሉ ውስጥ ፊልም የሚያጫውተው መነጽር የምንለው ሰውዬ በትንሿ መስኮት አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ይቅርታ፣ አሁን እንቀጥለዋለን!» ይላል። ሲቀጥለው ደግሞ ከመጀመሪያው ያስነሳዋል። ሴትዮዋ እንደገና ልብሷን ታጥፋለች፣ እንደገና ታንጎራጉራለች።

የእኔ ችግር አስራ አንድ ሰዓት ነው። ፊልሙ በዘገየ ቁጥር መጨረሻው ሳይደርስ አክስቴ እጄን ይዛ ታወጣኛለች። ስድስት ቅዳሜ ሙሉ መክፈቻውን ሁለት ሁለት ጊዜ እያየሁ፣ አንድም ቀን መጨረሻ አላየሁም። ጓደኞቼ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ሲሉኝ የምመልሰው የለኝም። ተንገበገብኩ።

አንድ ቅዳሜ የተቆረጠ ፊልም ልለምን ማሽን ክፍሉ ወጣሁ። መነጽር ቁርጥራጩን ይሰጠኝ ነበር፤ መስኮት ላይ ዘርግተን እናየዋለን። በሩ ገርበብ ብሏል። መነጽር የግድግዳውን ሰዓት አየ። ከመሳቢያው መቀስ አወጣ። እየተሽከረከረ የሚያልፈውን ፊልም በጣቱ ደገፍ አድርጎ፣ ቀጭ። ታች ፉጨቱ ተነሳ። ዞር ሲል እኔ ቆሜያለሁ። ፊቱ ነጣ።

«ሚጣ፣ ይህ የእኔና የአንቺ ነው። በሞቴ ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። መቀሱን ከጀርባው ደበቀ።

ያን መቀስ አሁን አውቀዋለሁ። ፉጨት ከተነሳ አባታችን ራሱ ወርዶ ሕዝቡን ማባበል አለበት፤ ቦታ አስያዧም ባትሪዋን ይዛ አዳራሹ ውስጥ መቆየት አለባት። ፊልሙ ከመጀመሪያው ተነስቶ በሮቹ እንደገና እስኪዘጉ አስር ሰዓት ይሆናል። አስር ሰዓት ላይ የአባታችን ሚስት ከነመኪናዋ ደጃፉ ላይ ትቆማለች፤ ሴትዮዋ አንድ ደቂቃ አታሳልፍም። መነጽር የሚቆርጠው ፊልሙን ሳይሆን ያንን አርባ አምስት ደቂቃ ነበር። አንዳንዴ በእሱም እናደዳለሁ። አንድ ቃል መናገር አቅቶት መቀስ ያነሳል ሰው? መለስ ብዬ ሳስበው ግን ትኬት ቆራጯ ታውቃለች፣ ጥበቃው ያውቃል፣ እናቴ ታውቃለች። ከሁሉም መቀስ እንኳ ያነሳ እሱ ብቻ ነው።

እሱንም እኔ አስበላሁት። ምላሴ ይቆረጥ!

በሳምንቱ አባታችን መግቢያው ላይ ያዘኝ። ቁጢጥ ብሎ ፊቱን ከፊቴ አስተካከለ፣ ሽቶው አፍንጫዬን ሞላው። ከረሜላው የተለመደው ዓይነት አይደለም፣ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ ነው።

«የኔ ጎበዝ፣ አንቺ እኮ ሁሉን ታያለሽ። ይህ ፊልም ለምንድነው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚበጠስብን?»

ዝም አልኩ። እውነቴን ነው፣ ትንሽ ዝም ብያለሁ።

«መጨረሻውን ማየት አትፈልጊም?» አለኝ።

ሰው እንዲህ አድርጎ የልጅ ልብ ያውቃል? «መነጽር በመቀስ ይቆርጠዋል» አልኩት። ሳቀ። ጸጉሬን ዳበሰኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማሽን ክፍሉ ውስጥ የማላውቀው ሰው ተቀምጦ ነበር። መነጽር የት ሄደ ብዬ ስጠይቅ ጥበቃው «ሥራ ለቀቀ» አለኝ።

ያን ቅዳሜ እንደ ዛሬ አየዋለሁ። በፊልሙ ውስጥ ቤተሰብ ምሳ ይበላል፤ ይሳሳቃሉ። አክስቴ ግን አታስተምረኝም። ሸራውን ትታ በየደቂቃው ወደ ማሽን ክፍሉ መስኮት ቀና ትላለች። ሙዚቃው አቋረጠ። መቀስ የለም። ጥበቃው የግራውን በር ዘጋ፣ የቀኙን ዘጋ።

አክስቴ ጎንበስ ብላ እጄን ያዘችኝ። መዳፏ በላብ ርሷል።

«ሚጣዬ፣ ዛሬ አብረሽኝ ውጪ።»

«ሊጀምር ነው እኮ!»

«እባክሽ የኔ እናት። አጠገቤ ብቻ ቁሚ። ውረጂ ቢልሽም እንዳትወርጂ።»

እጄን መነጨቅኩ። «ፈሪ!» አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ከፊት ያሉት ሰዎች ዞረው ሳቁ። አክስቴ ቀና አለች፣ ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆለፈች፣ ወጣች። እኔ ከስንት ቅዳሜ በኋላ ፊልም እስከ መጨረሻው አየሁ። መጨረሻው ምን ነበር ብትሉኝ ዛሬ አንዱንም አላስታውስም።

መብራት ሲበራ አክስቴ ውጭ በረንዳው ላይ ቆማ አገኘኋት። የሹራቧ ቁልፎች ሁለቱ የሉም። ባትሪው እጇ ላይ ነው፣ መስታወቱ ረግፏል።

«ደነገጥሽና ጣልሽው አይደል?» አልኳት።

«አዎ፣ ጣልኩት» አለችኝ።

አባታችን በሳምንቱ ግንባሩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ታየ። «በር መታኝ» አለ አሉ። አክስቴ ንብረት ሰብራ ሰረቀች ተብላ ተባረረች። እናቴ የስፌት መኪናው ላይ ተደፍታ፣ «ትልቅ ሰው ይመታል? ምን ልበል እንግዲህ፣ ምን ፊት አለኝ?» እያለች አለቀሰች። ማን ማንን እንደመታ አልገባኝም። አክስቴ በተባረረች በሦስተኛው ቀን ሻንጣዋን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች። በመስኮት እጇን ስታወዛውዝልኝ አኩርፌ ፊቴን አዞርኩባት፤ ቅዳሜን ማን ያሳየኛል ብዬ ነበር ያኮረፍኩት።

አሁን አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር ደብዳቤ ደረሰኝ። ሲኒማ ቤቱ ሃምሳ ዓመት ሞላው፤ በዓሉ ላይ «የሲኒማችን አባት» የሚል ዋንጫ ለቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ይሰጣል። እኔ ደግሞ በዚያ አዳራሽ ያደግኩ ባለሙያ ስለሆንኩ «አስፈሪ ፊልሞች በመክፈቻቸው ልብ የሚሰቅሉት እንዴት ነው?» በሚል ርዕስ እንድናገር ተጋብዣለሁ። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበብኩት። የመነጽር መቀስ ትዝ አለኝ።

ለእናቴ አሳየኋት። የዓይን መነጽሯን አውልቃ አጥፋ አስቀመጠችው። «ሽማግሌ ሆኗል፣ ተዪው። የሞተ ነገር አትቆስቁሺ» አለችኝ።

«ማን ነው የሞተው?» ብዬ ጮህኩባት። በሕይወቴ በእናቴ ላይ የጮህኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አልጸጸትም።

ለአክስቴ ደወልኩ። ሌላ ከተማ የተማሪዎች ሰርቪስ ትነዳለች። ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«አክስቴ፣ ሰላሳ አራት ዓመት የደበቅኩሽ ነገር አለ።»

«መቀሱን ነው?» አለችኝ።

«ታውቂያለሽ?»

«ወርቃማ ወረቀት ኪስሽ ውስጥ ነበር። ቀሚስሽን ማን ያጥብ ነበር መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን አልተቆጣሽኝም?»

«ልጅ ነበርሻ! በልጅ ላይ ምን እቆጣለሁ? እኔ የፈለግኩት የሚቆጣልኝ ትልቅ ሰው ነበር፤ እሱን ነው ያጣሁት።» ልጆቹን «ተቀመጡ እናንተ!» ብላ ገሰጸችና ተመለሰች። «የዚያን ቀን ባትሪውን አላስረከብኩትም፣ እወቂ። በሩን እስኪከፍት ድረስ መታሁት።»

ከዚያ በፊት ስለነበሩት ቅዳሜዎች አልጠየቅኳትም። እሷም አልነገረችኝም። ስለ ዋንጫው ነገርኳት።

«በስንት ሰዓት ነው?»

«ቅዳሜ፣ በዘጠኝ።»

«መብራት ይጠፋል?»

«እኔ ስናገር ይጠፋል።»

«ባትሪው እኮ አለ፤ መስታወቱን አስቀይሬዋለሁ» አለችኝ።

አዳራሹ ቀለም ተቀብቷል፣ ወንበሩ ታድሷል፤ የረጠበው ምንጣፍ ሽታ ግን እዚያው ነው። አባታችን የፊት ረድፍ መሀል ላይ ዋንጫውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሸብቷል፣ ከስቷል፤ ሳቁ ግን አላረጀም። መድረክ ላይ ስወጣ በጣቱ ጠቆመኝና ከጎኑ ለተቀመጠው፣ «ይህቺን በከረሜላ ያሳደግኳት እኔ ነኝ!» አለ። ሰው ሳቀ። መብራት ጠፋ። በሮቹ እንዲዘጉ ለጥበቃው አስቀድሜ ነግሬዋለሁ፤ አንደኛውን ብቻ ሳይቆልፍ እንዲተወው።

«አስፈሪ ፊልም ሲከፈት ማንም አይሞትም» አልኩ። «ሁሉም ነገር ደህና ነው። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሰው ይሳሳቃል። ከሁሉ ይልቅ የሚስቀውን ሰው ልብ በሉት።»

ከኋላ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ቀጭን ብርሃን መሬት መሬቱን መምጣት ጀመረ። እግር እግሩን፣ ረድፍ ረድፉን፣ ሳይቸኩል። «ይቅርታ… ይቅርታ…» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሰው ዘግይቶ የመጣ እንግዳ መስሎት እግሩን ይሰበስባል። ብርሃኑ የፊቱ ረድፍ ጋ ደረሰ፣ አንድ የተወለወለ ጫማ ላይ ቆመ። ከዚያ ሽቅብ ተነሳ፤ ዋንጫው ላይ፣ ክራቫቱ ላይ፣ ፊቱ ላይ።

«ባትሪውን ላስረክብ ነው የመጣሁት» አለች አክስቴ።

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። እጁን አንስቶ ዓይኑን ሊከልል ሞከረ፣ ዋንጫው ከጭኑ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ድምፅ ማጉያውን እንደያዝኩ ከመድረኩ ወረድኩና እጇን ያዝኩት። መዳፏ ደረቅ ነበር። ብርሃኑን አላወረደችም፣ እኔም እጄን አልመነጨቅኩም፤ ከመጀመሪያዋ ቅዳሜ ጀምሬ አንድ በአንድ መናገር ጀመርኩ።